የአቅኚዎች የትውልድ መዝገብ
ስለ ሳንጋሞን ወረዳ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

የትውልድ መዝገብ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንደኛው የራሱን ስም የሚፈልግ ነው፤ እርሱ ስሙን ካገኘ መጽሐፉን ደስ ብሎት ይዘጋዋል፥ ካላገኘም ተቈጥቶ ይዘጋዋል። ሁለተኛው በመዝገቡ ውስጥ ዘመድ የሌለው ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ስም ስለሌለ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ለማንበብ ነፃነት አለው። እኛም ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበውን የአሜሪካን መጽሐፍ ያነበብነው እንደ ሁለተኛው ሰው ሆነን ነው።

መጽሐፉ «የሳንጋሞን ወረዳ የቀደሙ ሰፋሪዎች ታሪክ» የሚባለው ነው። ጸሐፊው ጆን ካሮል ፓወር ነው፤ ሚስቱ ሣራ ፓወርም በሥራው እንደ ረዳችው በመጽሐፉ ተመልክቷል። የታተመው በ1876 በኢሊኖይ ግዛት ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነገረው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ሳንጋሞን በዚያው በኢሊኖይ መካከል የሚገኝ፥ ዐፈሩ ጥቁርና ወፍራም የሆነ የእርሻ ወረዳ ነው፤ ወረዳ ሆኖ የተቋቋመው በ1821 ነው። አብርሃም ሊንከን ከ1837 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ለመሆን ወደ ዋሽንግተን እስከ ሄደበት እስከ 1861 የተቀመጠው በዚሁ ወረዳ፥ በስፕሪንግፊልድ ስለ ነበረ፥ የአገሩ ስም በሩቅ ላለውም ሰው እንግዳ አይደለም።

1876 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነፃነታቸውን ያወጁበት መቶኛ ዓመት ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ መጋቢት 13 ቀን ባሳለፈው ውሳኔ፥ ፕሬዚዳንት ግራንትም ግንቦት 25 ቀን ባወጡት ዐዋጅ፥ ወረዳዎችና ከተማዎች ሁሉ ከተቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ታሪካቸውን እንዲያጽፉ፥ አንዱም ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ ሁለተኛው በዋሽንግተን በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ሕዝቡን መከሩ። የፓወር መጽሐፍ «የመቶኛ ዓመት መዝገብ» የሚል ተጨማሪ ስም ይዞ የወጣው በዚህ ዘመን መንፈስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ንግድ ሆነ። የቺካጎና የሌላም ከተማ አሳታሚዎች ወኪሎቻቸውን በየገበሬው ቤት እየላኩ፥ መጽሐፉ ሳይታተም ገዢውን አስቀድመው እየመዘገቡ፥ ሥዕሉን ለማውጣት የፈለገውንም ተጨማሪ ገንዘብ እያስከፈሉ፥ የወረዳ ታሪክ የሚባል ወፍራም መጽሐፍ በየአገሩ አወጡ። ሳንጋሞንም በ1881 በቺካጎ የታተመ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አግኝቷል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰነፍ ገበሬ የለም፤ ባለዕዳም የለም፤ ሁሉም ትጉህ፥ ሁሉም ቅን፥ ሁሉም በጎረቤቱ የተመሰገነ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰው ስለ ራሱ የሚያነበው ነገር ምን ዓይነት እንደሚሆን ማንም ይገምተዋል።

የፓወር ሥራ ከእነዚህ ይበልጣል። የሚበልጥበትም ምክንያት ደረቅ በመሆኑ ነው ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ ነገሩን ግን እንገልጣለን።

ወደ 800 ገጽ የሚጠጋው መጽሐፍ በቤተሰብ ስም በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። የእያንዳንዱም ቤተሰብ ታሪክ አንድ ዓይነት ሥርዐት አለው። እገሌ በዚህ ዓመት በቨርጂኒያ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወላጆቹ ወደ ኬንታኪ ወሰዱት፤ በዚያ እገሊትን አገባ፤ ይህን ያህል ልጆች ወለዱ፤ በዚህ ዓመት በመከር ወራት ወደ ሳንጋሞን መጥተው ዛሬ እንዲህ በሚባለው ምክትል ወረዳ ሰፈሩ፤ በዚያም ይህን ያህል ልጆች ጨመሩ። ከዚህ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ማን ማንን እንዳገባ፥ ስንት እንደ ወለደ፥ ዛሬ የት እንደሚኖር ይነገራል። አንዱ በቻተም አጠገብ ያርሳል፤ አንዱ ወደ አይዋ ሄዷል፤ አንዷ በካንሳስ ናት፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። በመጨረሻም የአባትና የእናት የሞት ቀን ይጻፋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም መሻገር ነው።

አንድ ገጽ ያነበበ ሰው ይሰለቻል። ኀምሳ ገጽ ያነበበ ግን ሌላ ነገር መስማት ይጀምራል። የዚያ ሕዝብ ጉዞ ከባሕሩ ዳር ከቨርጂኒያና ከካሮላይና ተነሥቶ፥ ተራራውን ተሻግሮ ኬንታኪ አርፎ፥ ከዚያም ወንዙን ተሻግሮ ኢሊኖይ እንደ ደረሰ፥ ልጆቹም እንደገና ወደ ምዕራብ እንደ ተነሡ፥ ማንም ሳይነግረው ከስሞቹ ድርድር ብቻ ይረዳዋል። በየቤቱ የሞቱት ሕፃናት ብዛትም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው አንድም ቦታ ላይ ቆሞ አያለቅስም፤ ቍጥሩ ግን ያለቅሳል። እንዲህ ያለውን ሥራ በጌጠኛ ቃል የሚያሽሞነሙን ሰው ቢጽፈው ኖሮ ሐዘኑ በቃሉ ብዛት በጠፋ ነበር።

ይህ ደረቅነት ግን የሚጐድለውም ነገር አለ። ፒተር ካርትራይት የሚባለው ስመ ጥሩ የሜቶዲስት ሰባኪ በ1824 ከኬንታኪ ወደ ሳንጋሞን ሲመጣ በመንገድ ላይ ባደሩበት ሌሊት ዛፍ ወድቆ ልጁን ገደለበት። ይህን እርሱ ራሱ በ1856 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተርኮታል፤ ያነበበውም ሰው ያን ሌሊት በቀላሉ አይረሳውም። የፓወር ዐይነት መዝገብ ለእንዲህ ያለው ሌሊት የተዘጋጀ ስፍራ የለውም፤ ስሙንና ዘመኑን ጽፎ ያልፋል። መዝገብ አጥር ነው እንጂ ቤት አይደለም፤ አጥሩን ቤት ብሎ መውቀስም ተገቢ አይሆንም።

ነገር ግን ይህ መዝገብ ባይኖር ምን ይጠፋ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ሕዝቡን ይቈጥር ነበር፤ ሆኖም እስከ 1840 ድረስ በተደረገው ቈጠራ ስሙ የሚጻፈው የቤቱ አለቃ ብቻ ሲሆን ሚስትና ልጆች በዕድሜና በጾታ ተከፍለው በቍጥር ብቻ ይገቡ ነበር። የነፃ ሰው ሁሉ ስም መጻፍ የተጀመረው በ1850 ነው፤ በባርነት የነበሩት ግን ያን ጊዜም ስማቸው አልተጻፈም። ኢሊኖይ የልደትና የሞት ምዝገባ በየወረዳው እንዲደረግ ሕግ ያወጣችው በ1877፥ ይኸውም ፓወር መጽሐፉን ካሳተመ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ በግዛቱ ሁሉ የጸና ምዝገባ የተደረገውም ከ1916 ወዲህ ነው። እንግዲህ በ1825 በአንዲት የእንጨት ጎጆ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ስሙ ከየት ይገኛል? ከእናቱ አፍ ወይም ከቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ስለዚህ ስለ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት እንናገር። በዚያ አገር ለቤተሰብ በሚታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፥ በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል፥ ልደት፥ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት ባዶ ገጽ የማስገባት ልማድ ነበር። ገበሬው ሌላ መጽሐፍ ባይኖረውም ይህ ነበረው፤ ጽሕፈቱም በሕግ ፊት ማስረጃ ይሆን ነበር። በነፃነቱ ጦርነት የዘመቱት ወታደሮች መበለቶች ጡረታ ሲጠይቁ፥ ጋብቻቸውን ለማስረዳት ያን ገጽ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ቀድደው ወደ ዋሽንግተን ይልኩ ነበር፤ ከነዚህ የተቀደዱ ቅጠሎች ብዙዎቹ ዛሬም በዚያ አገር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛሉ። ሊንከንም አባቱ በ1851 ከሞተ በኋላ የቤተሰቡን ልደትና ጋብቻ በአባቱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በገዛ እጁ ጽፏል፤ ቅጠሉም በኋላ ከመጽሐፉ ተለየ። የዚህን ያህል የታወቀ ሰው ሆኖ ሳለ ስለ እናቱ ወገን ሐረገ ትውልድ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። የሊንከን እንዲህ ከሆነ የጎረቤቱ የገበሬው እንዴት ይሆናል!

በመጽሐፉ ከተወደዱልን ነገሮች አንዱ የዘመን አቈጣጠሩ ነው። በ1830 ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር የወረደው በረዶ በሜዳው ላይ ወደ አንድ ሜትር ያህል ተከመረ፤ እስከ የካቲት ድረስም ሳይቀልጥ ቆየ። ከብትና አውሬ አለቀ፤ እህል ያለው ሰው ከእርሻው እየቈፈረ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የአገሩ ሰው ዘመኑን «ከጥልቁ በረዶ በፊት» እና «ከጥልቁ በረዶ በኋላ» እያለ ይቈጥር ጀመር፤ ከዚያ በፊት የመጡትንም ሽማግሌዎች «የበረዶ ወፎች» አሏቸው። በ1836 ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዝናቡ በድንገት ተለውጦ ምድሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ሆነ፤ ይህም ሁለተኛ የዘመን ምልክት ሆናቸው። ፓወር ሁለቱንም በሚገባ መዝግቧል። ከአያቶቹ አንደበት «ከክፉ ቀን በፊት» ሲባል እየሰማ ያደገ የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደረቁ መዝገብ ሳይታሰብ ይሰነጠቅና ታላቅ ታሪክ ይወጣበታል። በ1846 ሚያዝያ ከስፕሪንግፊልድ ወደ ካሊፎርኒያ የተነሡት የሁለቱ ወንድማማች ዶነሮችና የጄምስ ሪድ ቤተሰቦች ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተጨምረው ከ80 በላይ ሆነው ሳሉ፥ በሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ በረዶ ዘጋባቸው፤ ከመካከላቸውም ግማሽ ያህሉ በረኃብና በብርድ ሞቱ፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ የሞቱትን ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። የሪድ ቤተሰብ ግን ከተራራው ላይ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ይህን በዓለም የታወቀ መከራ ፓወር የሚያስገባው በሪድ ስም ሥር፥ ከሌሎቹ ገበሬዎች ጋር በፊደል ተራ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ሰው ጥቂት ላሞች ነበሩት፤ ከእርሱ በኋላ ያለውም በሰላም አረጀ። እንዲህ ያለው አደራደር ከማንኛውም ልብ ወለድ ይልቅ የሰውን ዕጣ ፈንታ ያሳያል።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንምጣ። ነቀፌታው «አቅኚ» በሚለው ማዕርግ ላይ ነው።

በወረዳው ታሪክ የመጀመሪያው ሰፋሪ እየተባለ የሚጠራው ሮበርት ፑልያም ነው፤ በ1817 በጥቅምት ወር በስኳር ወንዝ አጠገብ ጎጆ ሠራ። የወረዳው ሽማግሌዎችም የሰፋሪዎችን መታሰቢያ ሲያከብሩ በዚህ ጎጆ ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ የኪካፑ ሕዝብ በኢሊኖይ ያላቸውን መሬት ለመልቀቅ በኤድዋርድስቪል ውል የፈረሙት በ1819 ነው። መንግሥትም በስፕሪንግፊልድ የመሬት ሽያጭ የከፈተው በ1823 ነው። እንግዲህ ፑልያም ጎጆውን ሲሠራ መሬቱ በውል የኪካፑዎች ነበረ፤ ከውሉ በኋላም እስከ ሽያጩ ድረስ የመንግሥት እንጂ የእርሱ አልነበረም። የወንዙ ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ስኳር ወንዝ የተባለው ጣፋጭ ውሃ ከሚወጣው ከዛፉ የተነሣ ሲሆን፥ ዛፉን እየበሱ ስኳር የማውጣቱን ጥበብ የአገሩ ሰዎች ከነጮቹ አስቀድመው ያውቁት ነበር። የስኳሩን ዛፍ በስቶ የኖረ ሰው በትውልድ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ዛፉን ያገኘው ግን አንደኛ ተብሎ ተጽፏል። ፓወር ስለ ሕንዶቹ ምንም አላወቀም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ሥርዐት ቤተሰብን እንጂ ነገድን፥ መድረስን እንጂ መፈናቀልን ለመጻፍ አልተሠራም።

የእኛ አንባቢ በዚህ ላይ የራሱ ዐይን አለው። በጎጃምና በበጌምድር በርስት ሥርዐት የኖረ ገበሬ «አቅኚ አባት» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እርሱ ግን ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቈጥራል፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፥ እገሌ የእገሊት ልጅ እያለ በአባትም በእናትም በኩል ሐረጉን እየያዘ አቅኚው አባት ዘንድ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ድርሻዬን ስጡኝ ይላል። ቈጠራው ክስ ነው፤ አድማጩም ዳኛ ነው። መሬት የመንግሥት ይሁን የሚለው የ1975 ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ የሐረግ ዐዋቂ ሽማግሌ በየሰበካው የተከበረው ስለዚህ ነው። የሳንጋሞን ሰው ግን መሬቱን ያገኘው በአያቱ ስም አይደለም። በ1820 በወጣው ሕግ አንዱን ኤክር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከመንግሥት ገዝቶታል፤ ደረሰኙ በእጁ ነው። ለእርሱ የትውልድ መዝገብ አንድ ቡቃያ አይጨምርለትም። ስለዚህ መጽሐፉ ከአቅኚው ተነሥቶ ወደ ታች ይቈጥራል፤ ሐረጉም ወደ አንድ መሬት ከመሰብሰብ ይልቅ እስከ ኦሪገንና እስከ ካሊፎርኒያ ይበተናል።

ጥቅም የሌለበት ቈጠራ ከክርክር ነፃ ስለሆነ ይበልጥ እውነተኛ መሆን ይገባው ነበር። በከፊል ሆኗል። የጎጃሙ ሐረግ ቆጣሪ የማይጠቅመውን ቅርንጫፍ ይተዋል፤ ፓወር ግን በሕፃንነት የሞተውንም፥ ልጅ ሳይወልድ የቀረውንም እኩል ይጽፋል። ነገር ግን በመሬት ፋንታ ሌላ ርስት ገብቷል፤ እርሱም ክብር ነው። መጽሐፉ በወረዳው የቀደሙ ሰፋሪዎች ማኅበር ድጋፍ የታተመ ነው። ማኅበርተኛው ደግሞ ቀድሞ መጥቶ ያልሄደ ሰው ነው።

ያልሄደ የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ይዟል። ጆን ማክ ፋራገር የተባለው የታሪክ ሊቅ «ስኳር ክሪክ» በሚል ስም በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የሳንጋሞንን አገር ከሕዝብ ቈጠራውና ከመሬቱ መዝገብ ጋር እያስተያየ መርምሮታል። የደረሰበትም ነገር፥ ወደ ወንዙ ዳር ከመጡት ቤተሰቦች የሚበዙት ጥቂት ዓመት ተቀምጠው እንደገና መሄዳቸው፥ የቀሩትም እርስ በርሳቸው እየተጋቡ መሬቱን በእጃቸው ማስገባታቸው ነው። እንግዲህ በ1870ዎቹ መዝጋቢው ሲመጣ በቤቱ የተገኘው ሰው የመሬት ባለቤት የሆነው ነው፤ በሰው እርሻ ላይ ሠርቶ፥ ዋጋውን መክፈል አቅቶት፥ ልጁን ቀብሮ ወደ ሌላ የሄደው ግን በሩን የሚከፍትለት የለም። አቅኚነት ማለት ቀድሞ መምጣት ከሆነ እነዚያም አቅኚዎች ነበሩ። ጥቁሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት በ1818 ባርነትን ቢከለክልም፥ በረጅም የአገልግሎት ውል ስም የተያዙ ሰዎች ከጌቶቻቸው ጋር ወደ ግዛቱ ይገቡ ነበር፤ የነዚህንም ልደትና ጋብቻ የሚጽፍ የቤት መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም።

በመጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2 ከምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል አንዳንዶቹ የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ስላላገኙት ከክህነት እንደ ተከለከሉ ተጽፏል። መዝገብ አለመኖሩ ሰውየው የካህን ልጅ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ከመሠዊያው አርቆታል። ሆኖም ዕዝራ የእነርሱንም የቤተሰብ ስም ጽፎልናል። ማን እንደ ተከለከለ ስለ ጻፈ እኛም ዛሬ እናውቃቸዋለን። የሳንጋሞን መዝገብ ግን ያልተገኙትን ሲተው መተዉን እንኳ አይናገርም፤ ትልቁ ጕድለቱ ይህ ይመስለናል። በመግቢያው ላይ «በወረዳው ቈጠራ ተጽፈው ኋላ የሄዱት የቤት አለቆች እነዚህ ናቸው» የሚል አንድ ዝርዝር ቢጨምር ኖሮ፥ የስም ድርድር ብቻ ቢሆንም፥ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር። የቈጠራው ሰነድ በመንግሥት እጅ ስለ ነበረ ይህ ሊደረግ የማይቻል ነገር አልነበረም።

ስለ ሴቶቹም አንድ ነገር እንጨምር። ፓወር የሚስቶችን የአባት ስም በጥንቃቄ ይጽፋል፤ በዚህ ከብዙዎቹ የዘመኑ ጸሐፊዎች ይሻላል፤ ምናልባት ሚስቱ በሥራው ስለ ገባችበት ይሆናል፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ብቻ ነው። ዳሩ ግን አደራደሩ በባል ቤተሰብ ስም ስለሆነ፥ የእናትህን እናት የምትፈልግ እንደሆነ አስቀድመህ ባልዋን ማወቅ አለብህ። በአባትም በእናትም ሐረግ ለሚቈጥር የእኛ ሰው ይህ ግማሽ ዐይን ጨፍኖ እንደ ማየት ነው። ሁለት ጊዜ ያገባች መበለት በሁለት ስም ተከፍላ በሁለት ገጽ ትገኛለች፤ የመጀመሪያ ባልዋ ልጆችም ከሁለተኛው ልጆች ይለያያሉ።

ፓወር ከመጽሐፉ ሥራ ሌላ ከ1874 ጀምሮ በስፕሪንግፊልድ የሊንከን መቃብር ጠባቂ ነበር። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ኅዳር 7 ቀን ሌሊት ሌቦች የሊንከንን ሬሳ ለመስረቅ ሳጥኑን ከመቃብሩ ሲያወጡ ተደረሰባቸው። ስለዚህም ሙከራ በ1890 ሌላ መጽሐፍ ጽፏል፤ በ1894 እስከ ሞተም ድረስ በዚያው ሥራ ቆየ። ይህኛው መጽሐፉ ከሰፋሪዎቹ ታሪክ ይልቅ ፈጥኖ ይነበባል፤ እኛ ግን የሰፋሪዎቹን እንመርጣለን።

የሰፋሪዎቹ ታሪክ የድሮው ኅትመት ውድ ቢሆንም፥ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ገጹ በሥዕል ተነሥቶ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ስለሚገኝ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ለማንበብ የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ባይጀምር ይሻላል። ማንኛውንም ፊደል ከፍቶ አሥር ቤተሰብ ያንብብ፤ ከዚያም የሪድን ታሪክ፥ ቀጥሎም ስለ ጥልቁ በረዶ የተጻፈውን ይመልከት። የፋራገርን መጽሐፍ አጠገቡ ቢያኖር ደግሞ በፓወር ገጽ ላይ ያላገኛቸውን ሰዎች አንዳንዶቹን በዚያ ያገኛቸዋል።